ቀይም አረንጓዴም ያልሆነ ጭቃ

ባሕር አይቼ አላውቅም። የሥራዬን ዋና ነገር ያስተማረኝ ግን የባሕር ጭቃ ነው። ጅማ ባለ አንድ ኮሌጅ የካርታ ሥራ መምህር ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ከውጭ አገር የመጣ ባለሙያ ለጥቂት ቀናት ሥልጠና ሰጠን። ሰውየው ዕድሜውን ያሳለፈው በወደብ ወለል ላይ የተጋደመውን ደለል እያወጣ፣ የቱ ጋ ምን ያህል እንደተበከለ በካርታ ሲያሳይ ነው። ከመርከብ የሚንጠባጠበው ዘይት፣ ከፋብሪካ የሚወርደው ብረት፣ ከከተማ የሚፈሰው እጣቢ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ጭቃ ላይ ነው አለን። ከዚያ ሁለት ካርታ አሳየን። በአንደኛው ላይ ወደቡ በቀይና በአረንጓዴ ለሁለት ተከፍሏል፤ የተበከለና ያልተበከለ ተብሎ። በሁለተኛው ላይ መስመር የለም። ቀለሙ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያም ወደ ደማቅ ቀይ ቀስ እያለ ይሄዳል።

"ፈዚ ሎጂክ ይባላል" አለ። ብዥ ያለ አስተሳሰብ እንደማለት ነው። አንድ እፍኝ ጭቃ የግድ ወይ ንጹሕ ወይ ብክል መሆን የለበትም፤ "ብክል" ለሚለው ስም ከአስር ሦስቱን ያህል ብቻ ሊገባው ይችላል። እኛ ቀኑን ሙሉ "ትንሽ ሞቋል"፣ "እምብዛም አይደለም"፣ "ለክፉ አይሰጥም" እያልን እንኖር የለ? እንዲህ ያለውን አነጋገር ሒሳቡ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል ይቀበለዋል።

ከዚያ በኋላ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። በተፈጥሮዬም አንድ ቦታ የምረጋ ሰው አይደለሁም፤ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ከሰሌዳው እስከ በሩ ስመላለስ ተማሪዎቼ አንገታቸውን ሲያዞሩ ይውላሉ። ደሴ ያለችው እናቴ ስልክ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ "ተረጋጋሽ ወይ?" ብላ ነው። ያን ሰሞን ግን የባሰ ሆነብኝ። ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ሒሳብ ተምሬ ምን ላደርግበት ነው እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

ሥራው ራሱ መጣልኝ። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሸለቆ የሚኖሩ ገበሬዎች ቡና በሚታጠብበት ወራት ወንዙ እንደሚጠቁርና እንደሚሸት፣ ከብቶቻቸው ጠጥተው እንደሚታመሙ ደጋግመው አቤት ብለው ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው። እሸት ቡና ሲፈለፈልና ሲታጠብ ገለፈቱም፣ ዝልግልጉም፣ እጣቢውም ወንዝ ውስጥ ይገባል። ወንዙ በዚያ ወቅት ውኃው ያንሳል፤ የገባበትን ገፍቶ የሚወስድበት ጉልበት የለውም። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጥቂት የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር አስቦ፣ የትኛው ሰፈር እንደሚቀድም ለመወሰን የወንዙን ጭቃ ካርታ እንድናዘጋጅለት ጠየቀን። ውኃው ዛሬ ጠቁሮ ነገ ሊጠራ ይችላል፤ ጭቃው ግን የዓመቱን ይዞ ይቆያል።

እኔና ሰርቦ ተወልዶ ያደገ አንድ የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ተመደብን። እሱ ኦሮምኛውም ላቦራቶሪውም እጁ ላይ ነው። እኔ ኦሮምኛ መስማቱን እሰማለሁ፣ ስናገር ግን ሰው ያስቃል። ቦት ጫማ አድርገን፣ የፕላስቲክ ቱቦና የበረዶ ሳጥን ተሸክመን ወንዙን ከታች ወደ ላይ ጀመርነው። ቱቦውን ጭቃው ውስጥ ሰክተን ስናወጣው ከላይ ቡናማ፣ ከሥሩ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነገር ይወጣል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ጓንት አድርጌም እጄን በሎሚ ካላጠብኩ እንጀራ መቁረስ ያስጠላኝ ነበር።

ወንዙ ሜዳ ላይ ደርሶ በሚተኛበት ቦታ አንዲት አሮጊት ላሞቿን ይዛ አገኘናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጅ ልጆቿ ጋር እዚያው ወንዝ ዳር ትኖራለች። ባልደረባዬ "አዮ"፣ እናቴ እንደማለት ነው፣ ብሎ ተጠግቶ ሰላም አላት። ምን እንደምንሠራ ከነገራት በኋላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀችው።

"መጥፎ ነው ወይስ አይደለም ትላለች" አለኝ።

"ገና አላወቅንም በላት።"

ነገራት። አልተዋጠላትም። ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፣ እንድሰማት፣ ደግማ ተናገረች። ልጆቹ እዚህ ይታጠባሉ፣ ቆዳቸውን ያሳክካቸዋል ነው የምትለው። "ጢቆ?" አልኳት፤ ትንሽ ነው ለማለት። እጇን እያወዛወዘች "አንዳንዴ ጢቆ፣ አንዳንዴ ባይኤ" አለችኝ። ባይኤ ብዙ ማለት ነው። እኔም እየሳቅኩ "እሺ" አልኳትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋብኝ። ሴትዮዋ የምትጠብቀው መልስ ነበር፤ እኔ የያዝኩት ቱቦ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ካርታ የሠራሁት እንደተለመደው ነው። በጭቃው ውስጥ ላለው ብስባሽ አንድ ልክ አበጀሁና ከዚያ በላይ ያለውን ቀይ፣ በታች ያለውን አረንጓዴ ቀባሁት። የአሮጊቷ ሰፈር ለጥቂት አረንጓዴ ውስጥ ገባ። ለማረጋገጥ ሄደን ከዚያው ቦታ ሌላ ናሙና ስንወስድ ቀይ ሆነ። ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብለን ስንሞክር ደግሞ ተመልሶ አረንጓዴ። ወንዙ ያው ነው፣ ጭቃው ያው ነው፤ የሚገለባበጠው የእኔ ካርታ ነው። ቢሮዬ ውስጥ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ባልደረባዬን አሰለቸሁት።

"የወደቡን ሰውዬ ሒሳብ እንሞክረው" አልኩት።

"ወረዳው 'በመጠኑ ብክል' የሚል ካርታ ምን ያደርግበታል?" አለኝ። "ጉድጓድ በመጠኑ አይቆፈርም።"

"አሁን ያለው ካርታ እኮ ውሸታም ነው።"

"ውሸታም ሆኖ ግን ይነበባል" አለና ሳቀ። ቢሆንም አብሮኝ ተቀመጠ። የብስባሹን መጠን፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ በጭቃው ውስጥ የተረፉትን ነፍሳት እያነሳን ደንብ አወጣን፤ ጭቃው በጣም ጠቁሮ ትንሽ ከሸተተ እንዲህ፣ ትንሽ ጠቁሮ በጣም ከሸተተ ደግሞ እንዲያ። "ትንሽ" የት ጋ አልቆ "በጣም" የት ጋ እንደሚጀምር ስንከራከር ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ወንዙ በካርታው ላይ ከነጭ እስከ ቀይ ቀለሙ እየተለወጠ ወጣ። የአሮጊቷ ሰፈር ብርቱካን ነበር። ከሁሉም የደመቀው ቀይ ያረፈው ግን ከእሷ በላይ፣ ወንዙ ከሚጠማዘዝበት ላይ፣ ከአንድ የቡና ማጠቢያ ሥር ነው።

የዚያን ማጠቢያ ባለቤት አውቀዋለሁ። የአከራዬ ታናሽ ወንድም ነው።

የምኖረው ጅማ ውስጥ ሰቶ ሰመሮ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ነበር። "እማ" ነው የምላቸው። ስገባ ከየት መጣሽ ሳይሉ ምሳ በልተሽ እንደሁ የጠየቁኝ ሴት ናቸው። ስታመም ሾርባ ይዘው ይገባሉ፤ በረመዳን ማታ አብሬያቸው ካላፈጠርኩ ይቆጣሉ። ወንድማቸውን አገሬው ሁሉ "ሐጂ" ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እርስዎ እያልኩ ነው የምጠራው። ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ ከአጋሮ መጥቶ እኅቱ ጋ ምሳ ይበላል። ረጅም፣ ንግግሩ የረጋ፣ ሰው ሲያወራ አቋርጦ የማያውቅ ሰው ነው።

ካርታው በወጣ ሳምንት ዓርብ ከእነሱ ጋር ተቀምጫለሁ። ሐጂ እጁን ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ "ወንዛችንን ስትቆፍሪ ሰንብተሻል አሉ" አለኝ።

"አዎ ሐጂ።"

"የእኔ ቦታ ቀይ ነው አረንጓዴ?"

"እንደዚያ ተብሎ አይነገርም" አልኩ። "በደረጃ ነው። ከአስር ይህን ያህል ተብሎ ነው።"

"ስንት ነው ታዲያ?"

"ሰባት ይሆናል።"

እማ እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ። ሐጂ ግን አልተቆጣም። "ከእኔ በላይ ሌሎች ማጠቢያዎች አሉ" አለ። "ሁሉም የሚለቁት እኔ ጋ ነው የሚደርሰው። ወንዙ ደግሞ እኔ አጥር ሥር ሲደርስ ነው መሮጥ የሚያቆመው። ጭቃው የሚተኛበት ቦታና ጭቃውን የጣለው ሰው አንድ ነው ወይ? ይህን ካርታሽ ይናገራል?"

አይናገርም። ይህን እዚያ ገበታ ላይ ማለት ነበረብኝ፤ ያልኩት ግን "ላጣራ" ብቻ ነው። ከሰዓቱን ከሰቶ ሰመሮ እስከ ጅማ መርካቶ በእግሬ ሄድኩ፤ የሚገዛ ነገር አልነበረኝም፤ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ብክለትን በደረጃ በመከፋፈሌ ፍትሐዊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የጭቃውን ደረጃ እንጂ የሰዎቹን ድርሻ አላየሁም።

ከባልደረባዬ ጋር ተመለስንና ከሐጂ አጥር በላይ፣ ቀደም ሲል ድንጋይ ስለበዛበት አልፈነው ከነበረው ቦታ ናሙና ወሰድን። ድንጋዩ መካከል ጭቃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ጎንበስ ብለን ዋልን። ውጤቱ ሲመጣ አራት ሆነ። ወንዙ ሐጂ አጥር ላይ ሲደርስ አስቀድሞ አራት፣ አጥሩን አልፎ ሲተኛ ሰባት።

ይህን ወረዳው ሊጠራ ባሰበው ስብሰባ ላይ ከሰው ፊት እንዲሰማው አልፈለግሁም። ብቻዬን ሚኒባስ ተሳፍሬ አጋሮ ወረድኩ፤ ከዚያ በባጃጅ ማጠቢያው ድረስ። የሥራ ሰዓት ነበር። መፈልፈያው ይንጫጫል፣ ቀይ እሸት ከጆንያ ይገለበጣል፣ ሴቶች ማድረቂያ አልጋዎቹን ከብበው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ከማሽኑ ሥር የወጣው እጣቢ በአንዲት ቦይ አድርጎ በአጥሩ ሥር ይሾልካል። ሐጂ ይዞኝ እስከ አጥሩ ሄደ። ነገርኩት።

"እንግዲህ ሦስቱ የእኔ ነው ማለት ነው" አለ።

"እንደ ሂሳብ መቀነስ አይሆንም ሐጂ። ከላይ የመጣው ራሱ እዚህ ሲያርፍ ይበረታል። ግን እርስዎ ጋም የሚጨመር አለ። ቦይዋ ይህችው ናት።"

ቦይዋን አየት አደረገ። "ስሜ አለ ካርታው ላይ?" አለ።

"የማንም ስም የለም። ወንዝ ብቻ ነው።"

"ወላሂ፣ ይህን ጥምዝ አይቶ የማን ማጠቢያ እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዚህ ወረዳ የለም።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ሃያ ቤተሰብ ከዚህ ይበላል። ተዪልኝ አልኩሽ? አላልኩም። ግን እኅቴ ቤት ነው የምትኖሪው።"

ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ባጃጅ ጠርቶ ሸኘኝ። ስደርስ እማ ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጡ ነበር። ስልክ ቀድሞኛል። ሰላም ብያቸው ላልፍ ስል "ቁሚ" አሉኝ።

"እሱ የእናቴ ልጅ ነው" አሉ። "አንቺንም እንደ ልጄ ነው የማይሽ። መካከላችሁ አታቁሙኝ። እሱ ስላንቺ ሲያወራ አልሰማም ብየዋለሁ፤ አንቺም ስለ እሱ አትንገሪኝ።"

"እሺ እማ።"

"ውኃው ግን እውነት ሰው ይጎዳል?"

አትንገሪኝ ካሉ በኋላ መጠየቃቸው አስደነገጠኝ። "ልጆች ያሳክካቸዋል" አልኩ። "ከብትም ይታመማል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ሁሉም ቦታ አይደለም።" እርጥቡን አንሶላ አራግፈው ገመዱ ላይ ጣሉትና "ሱብሐነላህ" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓርብ ምሳ ሳህኔን በሠራተኛ ይልኩልኝ ጀመር። ምግቡ አልቀነሰም፤ የምበላው ግን ለብቻዬ ነው።

ስብሰባው የተጠራው በወረዳው አዳራሽ ነው። ገበሬዎች በአንድ ወገን፣ የማጠቢያ ባለቤቶች በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። አሮጊቷ ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ አለች፤ ሐጂ ከኋላ በሩ አጠገብ። ፕሮጀክተሩን እንደከፈትኩ መብራት ጠፋ። በትልቅ ወረቀት ያሳተምኩትን ካርታ መስኮት ላይ ለጥፈን፣ ባልደረባዬ በኦሮምኛ እየተረጎመ አስረዳሁ። ወረቀቱ ላይ ብርሃን ከኋላ ስለገባ ቀለሙ ሁሉ ደምቆ ታየ። ሰዎች እየተነሱ ተጠግተው የራሳቸውን ቦታ ፈለጉ። "እኔ ስንት ነኝ?" የሚል ጥያቄ በዛ።

የወረዳው ባለሙያ፣ ሥራ የበዛበት ወጣት፣ እስክሪብቶውን አውጥቶ ወደ እኔ መጣ። "ጥሩ ሥራ ነው" አለ። "አሁን ጉድጓዱ ከየት እንደሚጀምር አስምሪልኝ።"

"መስመር የለውም። ለዚያ እኮ ነው እንዲህ የተሠራው።"

"ገባኝ። እኔ ግን ከሆነ ቦታ መጀመር አለብኝ፤ የሚቆፈረው ጥቂት ነው።" እስክሪብቶውን አልመለሰም።

ባልደረባዬ "ጉድጓድ በመጠኑ አይቆፈርም" ያለኝ ነገር ነው፤ አሁን ግን አልሳቀብኝም፤ መሬት መሬት ያያል። ወደ ሰዉ ዞርኩና እውነቱን ተናገርኩ። መስመሩን ዝቅ ብናደርገው ብዙ ሰው ይገባል፣ ጉድጓዱም ለሁሉም ስለማይደርስ ወረፋው ይረዝማል፤ ከፍ ብናደርገው ጥቂት ሰው ቶሎ ያገኛል፣ ሌላው ይቀራል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ጭቃው አይነግረኝም፣ እናንተው ተነጋገሩ አልኩ። አዳራሹ ተንጫጫ። ከላይ በኩል ያሉት ባለማጠቢያዎች ከፍ ይበል አሉ፤ ገበሬዎቹ ዝቅ ይበል አሉ። አሮጊቷ እጇን አንሥታ፣ ስለ መስመሩ አላውቅም፣ ልጆች ከሚታጠቡበት ይጀመር አለች። ጥቂት ሰዎች "ኤዬ፣ ኤዬ" ብለው ደገፏት።

ሐጂ ተነሣ። ሊክድ ነው ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው ነበር። እኔም አንዷ ነኝ።

"እኔ አጥር ሥር ሰባት ነው" አለ በኦሮምኛ፣ ከዚያ ለባለሙያው በአማርኛ ደገመው። "ከእኔ በላይ አራት ነው። እሱም ይጻፍ። ለእጣቢው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እኔ እቆፍራለሁ፤ ከላይ ያሉትም ከቆፈሩ።"

"ካልቆፈሩስ?" አለው አንድ ገበሬ።

ሐጂ ተቀመጠ። ከላይ ያሉት እርስ በርስ መንሾካሾክ ጀመሩ። ማንም እሺ አላለም፤ ማንም እምቢ አላለም።

በመጨረሻ መስመሩን እኔው አሰመርኩ። እስክሪብቶውን ትቼ በእርሳስ፣ አምስት ላይ፤ ከሥሩም ይህ መስመር ሊነሳ ይችላል ብዬ ጻፍኩ። የአሮጊቷን ሰፈር ጨርሶ አስገባሁት። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ተወላግዷል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወረዳው ቢሮ ስገባ ካርታዬን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ተደርጓል። ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ ቀዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። ጎልቶ የሚታየው ያ የተወላገደ የእርሳስ መስመር ብቻ ነው፤ ከሥሩ የጻፍኩት ደግሞ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ተቆርጦ ቀርቷል። ባለሙያው "በጣም ጠቅሞናል" አለኝ፤ ከልቡ ነው። ባለ ቀለሙን አምጥቼ ጎኑ ለጠፍኩለት። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ካርታው ተነሥቶ አራቱ ማዕዘን ላይ ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ አሮጊቷ ሰፈር ተቆፈረ። ፓምፑ ሲሞከር ሄጄ ነበር፤ ሴትዮዋ አንድ ጣሳ ሞልታ አስጠጣችኝ፤ ብረት ብረት ይላል። ከመስመሩ ጥቂት ወረድ ብሎ የሚኖር አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ "እኔን ለምን አወጣሽኝ?" አለኝ። የእሱ አራት ከግማሽ ነበር። ላስረዳው ሞከርኩ፤ አዳምጦኝ ሲያበቃ "ልጆቼ አሁንም እዚያው ነው የሚታጠቡት" ብሎኝ ሄደ። ስለ ሥራዬ ሳስብ አብዛኛውን ጊዜ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ያን ክረምት ኮሌጁ አጠገብ ቤት አግኝቼ ከሰቶ ሰመሮ ለቀቅኩ። እማ አላባረሩኝም፤ እቃዬን ሳወጣ ቆመው እያዩ "ለምን?" ብቻ ነው ያሉት። ቅርብ ስለሆነ ነው አልኳቸው። ለአንድ ወር ያህል ሳንደዋወል ቆየን። አንድ ቀን እሳቸው ደውለው "ዓርብ ጨጨብሳ አለ" አሉኝ። ሄድኩ። ሐጂ አልነበረም፤ ስለ እሱም አላነሳንም። ግን አጠገቤ ተቀምጠው በሉ።

በሚቀጥለው የቡና ወቅት እንደገና ለመለካት ወጣን። ሐጂ ቀደም ባለው ዓመት መከሩ ካለቀ በኋላ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ አስቆፍሯል፤ ከላይ ካሉት አንዱ ብቻ ቆፍሯል፣ የቀሩት ገና ናቸው። አጥሩ ሥር ቱቦውን ጭቃው ውስጥ ስንሰድ ሐጂ ከግቢው ወጥቶ ዳር ላይ ቆመ። ውጤቱን በስልክ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ከሥሩ ወደ ስድስት ወርዷል፣ ከበላዩ ግን ከአራት ወደ አምስት ወጥቷል።

"አምስት?" ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። "አምስት፣ ሐጂ" አልኩ።

"እሺ" አለ። "ከላይ ካሉት ጋር ማክሰኞ ቁጭ እንላለን። ካርታውን ይዘሽ ነይ፤ ባለ ቀለሙን።"

ማክሰኞ ክፍል ነበረኝ። ለባልደረባዬ አስረክቤ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።